የገመቹን ሐይቅ ፍለጋ፦ ከቡራዩ እስከ ተፍኪ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቡራዩ ቤታችን ስንወጣ ልጄ ሲፈን በቦርሳዋ የያዘችው አንድ ኮዳ ውሃ፣ የእኔን ሹራብና በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ የቤት ሥራ ነበር። ለዚህ ጉዞ ያበቃን ያ የቤት ሥራ ነው። መምህሯ «ስለ አንድ የሐይቅ ዳር ከተማ ታሪክና መስህብ ጻፉ» ብለው አዘዙ። የክፍሏ ልጆች ሐዋሳን፣ ባሕር ዳርንና ቢሾፍቱን ተከፋፈሉ። የእኔዋ ተፍኪን ጻፈች። ተፍኪ ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ አባቷ ያደገባት። ስለ ሐይቁ፣ ልጆች በጀልባ ትምህርት ቤት ስለመሄዳቸው፣ በሐይቁ መሃል ስላለችው ደሴት፣ ክንድ ስለሚያክለው ዓሣ፣ ሁሉንም አባቷ እንደነገራት አድርጋ አራት ገጽ ሞላች። መምህሯ ገጹ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ አሰመሩና ከሥሩ «ተፍኪ ሐይቅ የላትም። ይህን ከየት አመጣሽው?» ብለው ጻፉበት።

ባለቤቴ ገመቹ ያረፈው ባለፈው ግንቦት ነው። ሲፈን ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ ከዚያ ስልኳ ላይ ካርታ ከፈተች። ተፍኪን በሁለት ጣቷ አስፍታ አሳየችኝ። መንገድ አለ፣ ቤት አለ፣ እርሻ አለ። ሰማያዊ ነገር የለም።

«ማሚ፣ አባቢ ዋሽቶኝ ነው?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ያንን ሐይቅ አምኜበት አላውቅም። ገመቹ ወሬ ማሳመር የሚወድ ሰው ነበር። የብረት በር በሚሠራበት ቤቱ ደጃፍ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያዳምጠዋል፤ ስለ ሐይቁ ሲጀምር እኔ «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» እልና ወሬውን አቋርጠዋለሁ። እሱ አይከራከርም፣ ይስቃል። በቤታችን ስሙ ሳይቀር «ውሸታሙ» ሆኖ ነበር። በሕይወት እያለ ቀልድ ነው። ከሞተ በኋላ፣ ያውም በቀይ እስክሪብቶ ሲሆን፣ ቀልድ አልሆነልኝም።

ዘመድ ልጠይቅ ብል ያሳደጉት አጎቱ ካረፉ ቆይተዋል፣ የአጎቱ ልጆች ከተፍኪ ለቀው ወሊሶ ገብተዋል፤ ከገመቹ ስልክ ላይ ያገኘሁት ቁጥር አይሠራም። ስለዚህ ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ እኔና ሲፈን በዓይናችን ልናይ ተነሣን። ሐይቅ ካለ መምህሯ ይታረማሉ፤ ከሌለ ደግሞ ለልጄ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፦ ከቡራዩ እስከ አየር ጤና

ቅዳሜም ሆኖ የታክሲው ሰልፍ የሥራ ቀን ይመስል ነበር። እኛ ቡራዩ የገባነው የዛሬ አምስት ዓመት የአዲስ አበባው ኪራይ ሲበረታብን ነው። አሁን ቡራዩ ራሷ ሰው በሰው ሆናለች፤ በየቀኑ አዲስ ፎቅ፣ አዲስ በር። ከበሮቹ ስንቱን ገመቹ እንደበየደው ሲፈን በመስኮት እያየች ትቆጥር ጀመር፤ አሸዋ ሜዳ ስንደርስ ተወችው።

አጠገቤ የተቀመጠ ኮት የለበሰ ሰውዬ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ሐይቅ ለማየት ተፍኪ ድረስ? ገፈርሳ አጠገባችሁ ተኝቶ የለም እንዴ?»

«እሱ ግድብ ነው» አለች ሲፈን።

«ውሃ ውሃ ነው፣ የእኔ እመቤት።»

ከኋላችን የተቀመጠች ወጣት ሴት ገባችበት። «ባይሆን የሱሉልታን ሜዳ በሐምሌ ብታዩት። እኔ እዛ ነው የምሠራው። ሙሉ ሐይቅ ነው የሚሆነው፣ ዳክዬ ምናምን ይሞላዋል። አሁን ብትሄዱ ከብት ይግጥበታል።»

«እሱማ ሐይቅ አይባልም» አለ ሰውዬው።

«ታዲያ ምን ይባላል?»

«ጎርፍ ነዋ።»

«ጎርፍ ይሄዳል፣ ይሄ ይተኛል።»

ሁለቱ በዚህ እስከ አየር ጤና ተከራከሩ። ወያላው «ወራጅ አለ?» እያለ ቢያቋርጣቸውም አልተውም። ተፍኪ ሐይቅ አላት የላትም የሚል ሰው ግን አልተገኘም። ገፈርሳን በተመለከተ ሰውዬው ያለው እውነት ነው፤ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሆኖብን አንድ ቀን እንኳ እሱን ለማየት ብለን ወጥተን አናውቅም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፦ ሰበታ

በዓለም ገና በኩል አድርገን ሰበታ ገባን። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለች ጠባብ ቤት ፉልና ሻይ አዘዝን፤ ፉሉ ቃሪያ በዝቶበት ሲፈንን አስለቅሷታል። ሰበታ ፋብሪካና የጭነት መኪና የሚበዛባት ከተማ ናት፤ አሽከርካሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ እንደኛ ኪራይ ሸሽቶ የመጣው ሁሉ አንድ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ይበላል። አንዱ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፣ ሌላው በኦሮምኛ ጠይቆ በአማርኛ ይመለስለታል። ወጨጫ ተራራን ከቡራዩ ጀርባውን ነው የምናየው፤ ከሰበታ ፊቱን አየነው። ሲፈን «ሌላ ተራራ ነው» ብላ ድርቅ አለች፤ ያው እንደሆነ ለማሳመን ሻዬ ቀዘቀዘ።

ይህን መንገድ ከዚህ በፊት ያለፍኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የገመቹ አጎት ሲያርፉ ለለቅሶ ሄደናል፤ ወሩ የካቲት፣ ሲፈን የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ተፍኪ ልንደርስ ስንል ገመቹ ልጁን አቅፎ በመስኮት «ያውልሽ ሐይቁ» አላት። ጣቱን ተከትዬ አየሁ። በሬዎች እህል ያበራያሉ፣ አቧራው ይነሣል። «በልጅ ፊት እንኳ አታፊዝ» ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ በኋላ እኔ በዚህ አልመጣሁም፤ እሱ ግን በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ወሊሶ የበር ሥራ አለኝ እያለ ማልዶ ይወጣና ማታ በጭቃ ተለውሶ ይመለስ ነበር። የጫማው ጭቃ ጥቁር ነው፣ በቢላ ጀርባ ካልፋቁት የማይለቅ። ለበዓል ያጠብኩትን ወለል ስለሚያበላሽብኝ በየዓመቱ ተቆጥቼዋለሁ።

ሒሳባችንን ከፍለን ወሊሶ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርን። ከሰበታ እንደወጣን ሜዳው ይከፈታል። ግራና ቀኝ የታጨደ ጤፍ፣ የጭድ ክምር፣ ከዚያ እስከ ዓይን መጨረሻ አረንጓዴ ቡቃያ። መንገድ ዳር ሴቶች እሸት ሽምብራ በእቅፍ በእቅፍ አስረው ይሸጣሉ። ሾፌሩ አቆመና ለራሱ ሲገዛ እኔም አንድ እስር በሃያ ብር ገዛሁ። ሲፈን እየፈለቀቀች «ማሚ፣ ሐይቅ የሚመስል ነገር ታይቶሻል?» ትለኛለች። በሁለቱም በኩል አየሁ። ሜዳ ብቻ ነው።

አራት ሰዓት፦ ተፍኪ

ከስምንት ዓመት በፊት ያየኋት ተፍኪ ይህች አልነበረችም። የአጎቱ ቤት በየት በኩል እንደነበር ላስታውስ ብል አልሆነም፤ አስፋልቱ ዳር አዳዲስ ሱቆች በቅለዋል፣ የጤፍ ነጋዴዎች ሚዛናቸውን አውጥተዋል፣ ጋሪና ባጃጅ መንገድ ይጋፋሉ። አንዱን ባጃጅ ነጂ «ሐይቁ በየት በኩል ነው?» አልኩት።

«ሐይቅ? ሪዞርት ነው የፈለጋችሁት?» አለና ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ቢሾፍቱ ነው እሱ፣ ማዘር። ተሳስታችኋል።»

ሲፈን አንገቷን ደፋች። ትንሽ እንደሄድን ግን እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ቤት ላይ በትልቁ «ሐይቅ ዳር ምግብ ቤት» የሚል ተጽፏል። ልጅቱ ባጃጁን ሳታይ ተሻገረች፤ እኔ ከኋላዋ እየጮህኩ። በቤቱ በኩል አልፈን ጓሮ ወጣን። የጭድ ክምር አለ፣ የታሰረ በግ አለ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያው አረንጓዴ ሜዳ።

የቤቱ ባለቤት ጠይም፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ከጎጃም መጥታ ቤቱን የተከራየችው ኅዳር ላይ እንደሆነ ነገረችን።

«ስሙን ያገኘሁት ከነቤቱ ነው። እኔም ሐይቁ የታል ስላቸው የቤቱ ጌታ 'ይመጣል' አሉኝ።»

«ምኑ ነው የሚመጣው?»

«ሐይቁ ነዋ። እኔ እንጃ፣ አልገባኝም። አዲስ ስም ላስለጥፍ ብል ወጪ ነው ብዬ ተውኩት።»

ጥግ ላይ ሻይ የሚጠጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው በኦሮምኛ «ኒጅራ» አለ፤ «አለ» ማለቱ ነው። ሁለተኛው «አሁን የለም» አለ በአማርኛ። እኔ ወደ አንዱ ዞሬ ወደ ሌላው እዞራለሁ።

«አለ ወይስ የለም?»

«አለ» አሉ ሁለቱም። «አሁን ነው የሌለው።»

ራሴን ያዝኩ። ሲፈን ግን ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀምራለች። ኒጅራ ያለው ሰው ሳቀና በእጁ ወደ ሜዳው አመለከተን። «በዚህች መንገድ ቀጥ በሉ። ከአራቱ ግራሮች ሥር ኦቦ ደበላን ጠይቁ፤ ጀልባ ያላቸው እሳቸው ናቸው። ሌላው ይረሳል፣ ጀልባ ያለው ሰው ግን የውሃን ነገር ያውቃል።»

በሽምብራው መሃል

ከከተማው ወደ ሜዳው የምትገባዋ የእግር መንገድ ጥቁር አፈር ናት። አፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ የሲፈንን እጅ እስከ አንጓዋ ይውጣል። ግራና ቀኙ ሽምብራና ጓያ ነው። ከርቀት አንገታቸው የረዘመ ግራጫ ወፎች በመንጋ ይለቅማሉ፤ አንድ ገበሬ በጅራፍ እያጮኸ ያባርራቸዋል፣ እነሱ ይነሡና ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ሰላምታ ስንሰጠው «የክረምቱን ውሃ ወፍ ይወርሰዋል፣ የበጋውን እህል ደግሞ እነዚህ» አለን። የክረምቱን ውሃ ሲል ዞር ብዬ አየሁት፤ ግን ጎርፍ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሲፈን አጎንብሳ ከአፈሩ ነጭ ነገር አነሣች። ትንሽ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። አንድ እርምጃ ሄዳ ሌላ አገኘች። ቀጥሎ መንገዱ ሙሉ እንደሆነ አየን፤ ስንረግጠው ይሰበራል።

«ማሚ፣ ቀንድ አውጣ ሽምብራ ላይ ምን ይሠራል?»

እኔ ቅርፊቱን ሳይሆን ጫማዬን እያየሁ ነበር። የአፈሩ ቀለም የማውቀው ቀለም ነው። ቡራዩ አፈራችን ቀይ ነው። ገመቹ በየጳጉሜን ይዞት የሚመጣው፣ እኔ በቢላ ጀርባ የምፍቀው ግን እንዲህ ያለ ጥቁር ነበር። ወሊሶም ጥቁር አፈር ይኖራታል አልኩ ለራሴ።

አራቱ ግራሮች ከሜዳው ትንሽ ከፍ ባለች ጉብታ ላይ ናቸው። ከሥራቸው ሁለት ጎጆና አንድ ቆርቆሮ ቤት አለ። ከቆርቆሮው ቤት ጎን የእንጨት ጀልባ ግማሹ ጭድ ተሞልቶ ተቀምጧል፤ ጭዱ ላይ ዶሮ ተኝታለች። ውሃ የሚባል በሌለበት ሜዳ ጀልባ ማየት ግራ ያጋባል። ሲፈን ቀስ ብላ ጠርዙን ነካችው፤ ዶሮዋ አልተነሣችም።

አንድ ሽማግሌ በግራሩ ጥላ የበሬ ጠፍር እየጠገኑ ነበር። «አካም ቡልተኒ» አልኳቸው፤ ከገመቹ የቀረችኝ ሰላምታ ናት። «ነጋ፣ ነጋ፣ ደህና» አሉና ቀና አሉ።

«ኦቦ ደበላ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። አንቺስ የማን ነሽ?»

«የገመቹ ባለቤት ነኝ። እዚህ አጎቱ ጋ ያደገው፣ ቡራዩ የብረት በር የሚሠራው።»

ሽማግሌው ጠፍሩን ጣሉና ተነሡ። ፊታቸው በራ። «የገመቹ ሚስት! እንደ አፉ አመጣሽ በስተመጨረሻ! ይቺ ደግሞ ሲፈን ናት፣ አትንገሪኝ።» ከዚያ ከኋላችን ወዳለችው መንገድ እያዩ «እሱስ የታለ? ከኋላ ቀረ?» አሉኝ።

ይህን አላሰብኩትም። ሐይቅ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። እሳቸው መንገዱን እያዩ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ዓይናቸው ከመንገዱ ተመለሰና በጥቁር ልብሴ ላይ አረፈ።

«ጥቁር የለበስሽው ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አባቢ ነው» አለች ሲፈን። «ግንቦት ላይ።»

ኦቦ ደበላ ባርኔጣቸውን አወለቁና መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ከቤት ወጡ፤ ባላቸው አንድ ቃል ሲነግሯቸው ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። ወዲያው ከጎጆዎቹና ከእርሻው ሰው ተሰበሰበ፤ ወፍ ሲያባርር ያለፍነው ገበሬም ሳይቀር መጣ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ፤ በማለዳ ነው፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ጎረቤት አስቀድሞ ይሰበሰባል፣ ሰውዬው ተቀምጦ ነው። እኔ በጠራራ ፀሐይ ቆሜ፣ ያውም በልጅ አፍ አስነገርኩ። ማንም አልነቀፈኝም። አዴ ጫልቱ አቅፈው አስቀመጡኝና ከሰባት ወር በኋላ እንደ አዲስ ተለቀሰ። እንባዬ አልቋል ብዬ ነበር።

ሳይበሉ መነሣት አይቻልም። የሽምብራ ንፍሮ በሰፌድ ቀረበ። ኦቦ ደበላ ለሲፈን በእጃቸው ዘገኑላትና «ብዪ፣ የሐይቁ ፍሬ ነው» አሏት።

«የቱ ሐይቅ?» አለች ንፍሮውን እንደያዘች።

«ይሄ የተቀመጥሽበት።»

ኦቦ ደበላ የነገሩን

አዋሽ በሐምሌ ሲሞላ በአፋፉ አይቆምም፣ ይህን ሜዳ ሁሉ ይተኛበታል። መንገዷ ትጠፋለች፣ እርሻው ይጠፋል፣ ጉብታዎቹ ብቻ ደሴት ሆነው ይቀራሉ። ዓይን ማየት የሚችለውን ያህል ውሃ ነው አሉ። ሽመላው፣ ዳክዬው፣ ዝዩ ይመጣል። ሰው ገበያ የሚሄደው ሆዱ ውሃ በሚነካ ፈረስ ወይም በጀልባ ነው፤ ትምህርት ሲከፈት ልጆቹን የሚያሻግሩት እሳቸው ናቸው፣ ከእሳቸው በፊት አባታቸው ነበሩ። ገመቹንም ያሻገሩት እሳቸው ናቸው።

መስከረም ላይ ውሃው መሸሽ ይጀምራል። ኦቦ ደበላ በየማለዳው ወርደው በውሃው ጠርዝ አንድ እንጨት ይተክላሉ። እንጨቱ ሦስት ማለዳ በደረቅ ከቆመ እስከዚያ ያለው መሬት ለዘር ደረሰ ማለት ነው፤ ሽምብራው በጭቃው ላይ ይዘራል፣ ዝናብ ሳይፈልግ በሐይቁ እርጥበት ያድጋል። እንጨቱ ወደ ውስጥ እየገባ ዘሩ ይከተለዋል። «ሐይቁን በእንጨት እየሸኘን ነው የምንዘራው» አሉ። ከደጃፋቸው ወስደው የዘንድሮዎቹን እንጨቶች አሳዩን፤ ሽምብራው መሃል በተራ ቆመዋል። እኔ የአጥር ቅሪት ነው ብዬ ያለፍኳቸው ናቸው።

«ውሃው እስከ የት ይደርሳል?» አለች ሲፈን።

ሽማግሌው ከጉብታዋ ወርደው መንገዱ ላይ አቆሟትና እጃቸውን በደረቷ ትክክል ዘረጉ። «እዚህ።» ልጄ ዙሪያዋን አየች። ደረቷ ድረስ ውሃ ውስጥ እንደቆመች ያህል እጆቿን ከፍ አደረገች።

እኔ የቀረኝን ጠየቅሁ። «የሲፈንን ስም እንዴት አወቁ? ለለቅሶው ስንመጣ የተገናኘን አይመስለኝም።»

«እሱ ነግሮኝ ነዋ። በየዓመቱ ይመጣ የለ? ጳጉሜን ላይ።»

«ጳጉሜንማ ወሊሶ ሥራ ነበረው።»

«ወሊሶ?» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ከዚች ጀልባ አልፎ አያውቅም። እስከ መሃል አብረን ቀዝፈን መቅዘፊያውን ያስቀምጣል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ሲመሽ ይሄዳል። ዘንድሮ ጠበቅሁት። ሩፋኤል አለፈ። ዕንቁጣጣሽም አለፈ። ለመስቀል አይቀርም አልኩ። ውሃው ሸሸ፣ እሱ ቀረ። ሁልጊዜ 'ለከርሞ ሚስቴን አመጣታለሁ' ይለኛል። በስልክህ ፎቶ አንስተህ አታሳያትም ወይ ስለው 'በዓይኗ ካላየች ታሾፍብኛለች' አለኝ።»

እዚህ ላይ ሌላ ነገር ጽፌ ማለፍ እችል ነበር። ግን እውነቱ ይህ ነው፤ ገመቹ በየዓመቱ ጠርቶኛል። ጳጉሜን በገባ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን «ነገ ሥራሽን ተዪና ነይ፣ ሐይቄን ላሳይሽ» ይለኛል። እኔ «በዓል እየደረሰ የምን ሐይቅ ነው? ሽንኩርቱን ማን ይክተፍልኝ?» እለዋለሁ። በማግስቱ «ወሊሶ የበር ሥራ አለኝ» ብሎ ብቻውን ይወጣል። አንድ ዓመትም ሳይዘል ጠይቆኛል፣ አንድ ዓመትም ሳልዘል እንዲሁ መልሼለታለሁ። ወሊሶ እያለ መዋሸት የጀመረው እውነቱን ሲነግረኝ ስለሳቅሁበት ነው። ይህ ሲገባኝ አፈርኩ።

አዴ ጫልቱ ፊቴን አይተው በኦሮምኛ ለባላቸው አንድ ነገር አሏቸው። ኦቦ ደበላ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይዞሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ሲፈን ደብተሯን ይዛ እስከ መጨረሻው ልታጣራ ቆርጣለች። ጀልባው እውነት፣ ደሴቷ እውነት፣ ትምህርት ቤቱ እውነት። «ዓሣውስ? ክንድ የሚያክለው?»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እሱ እንኳ ውሸት ነው። መዳፍ አይሞላም።»

ሲፈን ሳቀች፣ እኔም እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ። ያንን ዓሣ ሁለት ክንድ አድርጎ ለጎረቤት ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ውሸታሙ ጨርሶ አለመጥፋቱ ደስ አለኝ።

መልስ ጉዞ

ከጉብታዋ የተነሣነው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው። አዴ ጫልቱ አንድ ፌስታል ሽምብራ አስያዙን፤ ኦቦ ደበላ እስከ አስፋልቱ ሸኙን። ሰውነታቸው ደክሞ ነበር፣ ይመለሱ ብላቸው እንቢ አሉ። መንገዱ መሃል ላይ ቆመው «ሁልጊዜ የሚቀመጠው እዚህ ላይ ነው» አሉን። ሽምብራ ብቻ ነው ያለው። ሲፈን ከዚያች ቦታ ሦስት የቀንድ አውጣ ቅርፊት ለቀመችና በመሐረብ ቋጠረች። ሚኒባሱ ሲመጣ «ገለቶማ» ብላ አመሰገነቻቸው። በሐምሌ መጨረሻ ውሃው ሲተኛ በልጃቸው ስልክ ሊደውሉልን ቁጥራችንን ሰጠናቸው።

ሰበታ ላይ መኪና ቀይረን፣ በአየር ጤና አድርገን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቡራዩ ገባን። ሲፈን ጫማዋን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች።

«ማሚ፣ 'ተፍኪ ሐይቅ አላት' ልበል ወይስ 'ነበራት'?»

አሰብኩበት። ምግብ ቤቱ የነበሩት ሰዎች «አለ»ም «የለም»ም ሲሉ ራሴን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አሁን እኔም ከዚያ የተሻለ መልስ አጣሁ። «አላት በይ» አልኳት በመጨረሻ። «ከሐምሌ እስከ መስከረም። የቀረውን ጊዜ ሽምብራ ነው በይ።» ገና ግራ እንደገባኝ ነው፤ ሆኖም ይህን ጉዞ ሄጄ አንድ ነገር አውቄያለሁ። ባለቤቴ ያሳየኝን ቦታ እኔ ያየሁት በየካቲት ነው፤ በጳጉሜን ነይ ብሎ ሲጠራኝ ቀርቼበታለሁ። ልጄ አራቱን ገጽ እንደገና ጻፈች። ከአባቷ ወሬ የለወጠችው ዓሣውን ብቻ ነው፤ መዳፍ አሳከለችው። ከሥሩ ቅርፊቶቹን በፕላስተር ለጠፈች። መምህሯ ምን እንደሚሉ ሰኞ ይታያል።

ጎረቤቴ ዘነበች መምጣታችንን ሰምታ ብቅ አለች። በየበዓሉ ሽንኩርት የምንከትፈው፣ ቅቤ የምናነጥረው አብረን ነው። ሳልረሳው ብዬ ነገርኳት፤ ለመጪው ዕንቁጣጣሽ ጳጉሜን ላይ አንድ ቀን አልኖርም፣ እንዳትጠብቂኝ አልኳት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ሐይቅ ላይ።»

«የቱ ሐይቅ?»

«ተፍኪ ያለው። የገመቹ።»

ቅርፊቶቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ከት ብላ ሳቀች። «ጋሽ ገመቹ አለፈ ስንል ደግሞ አንቺ ጀመርሽ?»

«አብረሽኝ ነይና እይው።»

«በዓል እየደረሰ የምን ሐይቅ ነው?» አለችኝ።

አልተከራከርኳትም። ገመቹ እንደሚያደርገው ሳቅሁና ሽምብራውን አካፈልኳት።